የተቆረጠው እግር ቁስል ሲዘገይ፤ መጠበቅም የራሱ ሥራ አለው

በደቡብ ወሎ በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ አንድ ሰው እግሩ ተቆርጦ ከሆስፒታል ሲመለስ ጎረቤት ተሰብስቦ ይጠይቀዋል። ቡና ይፈላል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ጸሎት ይደረሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ጥያቄው «እንዴት አደሩ?» ነው። ወር ሲያልፍ ጥያቄው ይለወጥና «እስካሁን አልደረቀም እንዴ?» ይሆናል። ሁለት ወር ሲሞላ ጠያቂው ይቀንሳል፣ ቁስሉ ግን ገና እርጥብ ነው። አደጋው የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ታማሚው ተስፋ ቆርጦ ቀጠሮውን ይተዋል፤ ቤተሰብም ጨንቆት ከዚህም ከዚያም የተባለውን ሁሉ ቁስሉ ላይ ያደርጋል። በዚህ የተነሳ ጉልበቱን፣ ሌላኛውን እግሩን፣ አንዳንዴም ሕይወቱን የሚያጣ ሰው አለ።

የዛሬው ጽሑፌ ለእርስዎና እርስዎን ለሚያስታምሙት ነው። ዋናው መልእክቱ አጭር ነው፦ የቁስሉ መዘግየት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ይፈለጋል፣ ብዙውን ጊዜም ይገኛል። እስኪገኝና እስኪስተካከል ባለው ጊዜ ደግሞ በቤት ውስጥ የሚሠራ ብዙ ሥራ አለ።

«ውሻ እንኳ በሦስት እግሩ ይሮጣል»

ይህን አባባል ለማበረታታት ብለው የሚናገሩ ሰዎች አሉ። እውነት ነው፤ እግሩ የተቆረጠ ውሻ ብዙ ጊዜ ሳይቆይ በሦስት እግሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሰውን ከእርሱ ጋር ማወዳደር ግን ትክክል አይደለም። ውሻ አንድ እግር ሲያጣ ሦስት ይቀሩታል፤ ከሰውነቱ ክብደት አብዛኛውን የሚሸከሙት ደግሞ የፊት እግሮቹ ናቸው። ሰው አንድ እግር ሲያጣ የሚቀረው አንድ ብቻ ነው። ቀድሞ በሁለት እግር ይጠብቀው የነበረውን ሚዛን በአንድ እግርና በሁለት ክንድ እንደ አዲስ መማር አለበት። ከዚህም በላይ ብዙ ሰው እግሩን የሚያጣው የስኳር በሽታና የደም ሥር ጥበት ለዓመታት ከጎዱት በኋላ ነው። እግሩ ቢቆረጥም በሽታው ከሰውነቱ አልወጣም። ስለዚህ የሚያስታምሙትን ሰው በዚህ አባባል አይገሥጹት፤ እርስዎም ከተባሉ አይዘኑበት።

ስንት ጊዜ ነው «ዘገየ» የሚባለው?

ከጉልበት በታች ወይም በላይ እግር ከተቆረጠ በኋላ ስፌቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል። የስኳር በሽታ ወይም የደም ሥር ችግር ባለበት ሰው ላይ ሐኪሙ ከዚያም በላይ ሊያቆየው ይችላል። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ለመግጠም በጥሩ ሁኔታ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ከዚህ በላይ ሲቆይ ወይም በየሳምንቱ ሲታይ መጠኑ ሳይቀንስ ሲቀር «ዘግይቷል» ብለን ምክንያቱን መፈለግ አለብን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይነገረው አንድ ነገር አለ። ከጉልበት በላይ የተቆረጠ እግር የተሻለ ደም ስለሚያገኝ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይድናል። ጉልበቱ የተረፈለት ሰው ግን በሰው ሠራሽ እግር ሲራመድ የሚያወጣው ጉልበት በጣም ያነሰ ነው፤ ዳገት መውጣትና ከመቀመጫ መነሳትም ይቀለዋል። ስለዚህ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ጉልበትዎን ለማትረፍ ሲል ቁስሉ ዘግይቶ የሚድንበትን ቦታ አውቆ መርጦ ሊሆን ይችላል። እንደ አምባሰል ባለ ተራራማ አገር ለሚኖር ገበሬ ጉልበት ማለት ማሳው ድረስ መድረስ ማለት ነው። «ከየት ላይ ነው የተቆረጠው? ለምን እዚያ ላይ ሆነ?» ብለው ሐኪምዎን ይጠይቁ። መልሱን ማወቅ ለትዕግሥትም ይረዳል።

ቁስሉን የሚያዘገዩት ምንድን ናቸው?

አንደኛው የደም እጥረት ነው። ቁስል የሚድነው ደም በሚያመጣለት ኦክሲጅንና ምግብ ነው። የደም ሥሩ ከጠበበ ፋሻው ቢቀያየርም ለውጥ አይመጣም። የቁስሉ ጠርዝ ከጠቆረ ወይም አካባቢው ከቀዘቀዘ ሐኪም የደም ዝውውሩን መመርመር አለበት።

ሁለተኛው ስኳር ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ብሎ ሲቆይ ነጭ የደም ሴሎች ተህዋስያንን የመዋጋት አቅማቸው ይዳከማል። ለብዙ አዋቂ ሰዎች በባዶ ሆድ ሲለካ ከ80 እስከ 130 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር መሆን ይመከራል፤ ለእርስዎ የሚስማማውን ልክ ሐኪምዎ ይነግርዎታል። «እግሩ ተቆርጧል፤ ከእንግዲህ ኢንሱሊን ምን ይሠራል?» ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ግን ሌላኛውንም እግር አሳልፎ መስጠት ነው። በቤትዎ ማቀዝቀዣ ከሌለ የኢንሱሊኑን ብልቃጥ ውኃ በማያስገባ ዕቃ አድርገው፣ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ በሚቀመጥና ውጪው በውኃ በሚረጥብ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ማኖር ይቻላል።

ሦስተኛው ሲጋራና ሺሻ ነው። ኒኮቲን ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያጠባል። ጫትም የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ በጫት ላይ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ቁስሉን በሁለት በኩል ይጎዳዋል። አንድ ሰው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለራሱ ከሚያደርጋቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ ማጨስ ማቆም ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አራተኛው በውስጥ የተደበቀ ኢንፌክሽን ነው። ከላይ የደረቀ መስሎ ከአንዲት ቀዳዳ መግል የሚወጣ ከሆነ ኢንፌክሽኑ አጥንት ድረስ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ይህ በራጅና በሌላ ምርመራ ይታያል። አንዳንድ ጊዜ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ሐኪሙ ይህን ሲነግርዎ እንደ ሽንፈት አይቁጠሩት፤ ለወራት የቆየን ቁስል የሚዘጋው ይህ ሊሆን ይችላል።

አምስተኛው መውደቅና መፋተግ ነው። ስለዚህ ዝቅ ብዬ አነሳዋለሁ።

ማዕዱ ምን ይሁን?

ቁስል አዲስ ሥጋ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ታማሚ ነው ተብሎ ለሳምንታት አጥሚትና ሻይ ብቻ የሚቀርብለት ሰው ቁስሉን የሚሞላበት ነገር አያገኝም። እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ ይጠቅማሉ። የሐይቅ ነዋሪ ደግሞ ከደጁ ዓሣ የሚወጣለት ነው፤ ዓሣ በፕሮቲን የበለጸገ ምግብ ነው። ጎመን፣ ቲማቲም፣ ብርቱካንና ፓፓያ ቢጨመሩ ጥሩ ነው። የስኳር ታማሚ ከሆኑ የፍራፍሬውንና የእንጀራውን መጠን ከጤና ባለሙያ ጋር ይነጋገሩ።

ጾም ሲመጣ ብዙ ሰው ይቸገራል። ክርስቲያን ከሆኑ ሕመምዎን ለንስሐ አባትዎ ገልጸው ምክራቸውን ይጠይቁ። ሙስሊም ከሆኑም ለታመመ ሰው የረመዳንን ጾም ለሌላ ጊዜ ማሸጋገር በእስልምና የተፈቀደ መሆኑን ያውቃሉ። በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ቢጾም ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

ቁስሉ ላይ የማይደረጉ ነገሮች

ቅጠል፣ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ ፍግ አያድርጉበት። አፈርና ፍግ የመንጋጋ ቆልፍ ተህዋስያንን ሊይዙ ይችላሉ። አልኮልና ኃይለኛ ኬሚካልም በየቀኑ ቢፈስበት አዲስ የሚያድገውን ለስላሳ ሥጋ ያቃጥለዋል። ቁስሉ የሚታጠበው ጤና ጣቢያው ባዘዘው መንገድ ነው፤ የሚያጥበው ሰውም አስቀድሞ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ጸበል የሚጠመቁ ከሆነ ቁስሉ ውኃ እንዳይገባው በደንብ ይሸፈን፤ መድኃኒቱም አይቋረጥ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ለመውጣት የተሳሉም ቁስሉ ሳይገጥም አቀበቱን በክራንች አይሞክሩት። ስእለቱ ቢቆይ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የውሻ ምላስ ቁስል ያደርቃል የሚል እምነት ያለው ሰው ያጋጥማል። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በምራቅ ነው፤ ሊተላለፍ የሚችለውም በንክሻ ብቻ ሳይሆን ክፍት ቁስልን በመላስም ጭምር ነው። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ከዚህ በሽታ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ውሻ ቁስልዎን ከላሰ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ክትባቱ የሚያድነው ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ሲሰጥ ነው።

በመጠበቂያው ጊዜ የሚሠራ ሥራ

ብዙ ሰው ቁስሉ እስኪድን ድረስ ጉልበቱን አጥፎ፣ ከሥሩ ትራስ አድርጎ ይተኛል። ሕመሙ ስለሚቀልለት ነው። ከሁለት ወር በኋላ ቁስሉ ሲድን ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀራል፤ የማይዘረጋ ጉልበት ላይ ደግሞ ሰው ሠራሽ እግር መግጠም እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ ሐኪምዎ ካልከለከለዎ እነዚህን ያድርጉ፦

ከጉልበት ወይም ከጭን ሥር ትራስ አያድርጉ። ሲቀመጡ የተቆረጠውን እግር ቁልቁል አንጠልጥለው አይቆዩ፤ ጣውላ ነገር ላይ ዘርግተው ያሳርፉት። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለ15 ደቂቃ ያህል በሆድዎ ይተኙ፤ ይህ የዳሌ መገጣጠሚያ ታጥፎ እንዳይቀር ይረዳል። የጭንዎን ጡንቻ ጠበቅ አድርገው እስከ 5 ይቁጠሩና ይልቀቁ፤ ይህን በየጊዜው ይደጋግሙት። ክንድዎን ያጠንክሩ፤ ክራንች የሚሸከመው ክንድ ነው።

ሐኪሙ ሲፈቅድ የሚለጠጥ ፋሻ ይታሰራል። አስተሳሰሩ አግድም እየተሽከረከረ ሳይሆን እየተላለፈ ነው፤ ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ላላ ይላል። እንደ ቀለበት ዙሪያውን ብቻ የታሰረ ፋሻ ደም ያግዳል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ተፈትቶ ይታሰር። አንድ የቤተሰብ አባል ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት አስተሳሰሩን በእጁ እየሠራ ይማር።

የሌሊቱ ውድቀትና የመጸዳጃው ነገር

እግሩ የተቆረጠ ሰው ሌሊት ከእንቅልፉ ባኖ፣ እግሩ እንደሌለ ረስቶ ሊነሳ ሲል ይወድቃል። ይህ የሞኝነት ምልክት አይደለም፤ አእምሮ የሰውነቱን ቅርጽ የሚያስታውሰው እንደ ድሮው ነውና። የሚወድቀው ደግሞ በተቆረጠው ጫፍ ላይ ነው፤ ሊገጥም የደረሰ ቁስልም እንደገና ይከፈታል። ክራንቹን ከመኝታው አጠገብ እጅ በሚደርስበት ቦታ ያስቀምጡ። የእጅ ባትሪ ይኑር። ከመኝታው እስከ በሩ ያለው መንገድ ከዕቃ ይጽዳ። ሌሊት ለሽንት የሚሆን ዕቃ አጠገቡ ይቀመጥ።

ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት በአንድ እግር የማይቻል ነው። ብዙ ታማሚ ይህን ለመናገር ስለሚያፍር ምግብና ውኃ ይቀንሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማንኛውም አናጺ መሐሉ የተቀደደ ጠንካራ ወንበር ሠርቶ በጉድጓዱ ላይ ሊያስቀምጥ፣ ከጎኑም የእጅ መያዣ እንጨት ሊተክል ይችላል። የቤተሰቡ አባላት እሱ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ።

የሌለው እግር ለምን ያማል?

«የሌለ እግሬን ያሳክከኛል፤ ጣቶቼ ይጨመደዳሉ» የሚል ሰው አልቃዠም፤ ሌላ ነገርም አልያዘውም። እግራቸው ከተቆረጠ ሰዎች መካከል አብዛኞቹ ይህን ሕመም በተለያየ መጠን ይቀምሱታል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ አምብሯዝ ፓሬ ጽፎታል። ከአሜሪካ የእርስ በእርስ ጦርነት በኋላም ሐኪሙ ሳይላስ ዊር ሚቼል ከወታደሮች ታሪክ ተነስቶ ስም ሰጥቶታል። የእግሩ ነርቭ ቢቆረጥም እግሩን የሚወክለው የአንጎል ክፍል አልተቆረጠም፤ መልእክት ሲጠባበቅ ባዶውን በሕመም ይሞላዋል።

ለዚህ የሚረዱ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳሉ። ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሌላ መንገድም አለ። ረዘም ያለ መስታወት በሁለቱ እግሮች መካከል ያቁሙና የጤነኛውን እግር ምስል እያዩ እግርዎን ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱ፤ በቀን 15 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ይህን ዘዴ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የነርቭ ሳይንቲስቱ ራማቻንድራን ነው። ሁሉንም ሰው ባይረዳም የሚያሳርፋቸው ብዙዎች ናቸው። የሌለ እግር ሕመም ቀድሞ ያልነበረ ከሆነና በድንገት ከበረታ ግን ቁስሉ ይታይ።

ሌላኛው እግር

በደሴ አቅራቢያ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም ኖሯል። ከሥጋ ደዌ የተማርነው ትልቅ ትምህርት አለ። ድሮ የሕሙማኑ ጣት «በስብሶ ይወድቃል» ይባል ነበር። በህንድ ይሠራ የነበረው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ ግን ጉዳቱን የሚያመጣው የሕመም ስሜት መጥፋቱ እንደሆነ አሳየ። የማያመው ሰው ጠጠር ሲወጋው አያነሳውም፤ እሳት ሲያቃጥለው አይሸሽም። በስኳር ምክንያት ነርቩ የደነዘዘ እግርም እንዲሁ ነው። ሕመም ጠባቂ ነው፤ ጠባቂው ሲተኛ ዓይን ይተካው።

በስኳር ምክንያት አንድ እግሩን ያጣ ሰው በሚቀጥሉት ዓመታት ሁለተኛውን የማጣት ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ስለዚህ በየማታው ሌላኛውን እግር ከላይም ከውስጥ እግርም፣ በጣቶች መካከልም ይዩት፤ ማየት ካቃተዎ ልጅዎ ይይልዎ። ባዶ እግርዎን አይሂዱ። ኮንጎ ጫማ የሚያደርጉ ከሆነ ጠርዙ እንዳይልጥዎ በካልሲ ያድርጉት፤ ከማጥለቅዎ በፊትም ጠጠር እንዳይኖርበት ያራግፉት። በደጋው ብርድ እግርን ወደ ምድጃ ዘርግቶ ማሞቅ ለደነዘዘ እግር አደጋ ነው፤ በካልሲና በብርድ ልብስ ያሙቁት። የመታጠቢያውን ውኃ ሙቀት በእግርዎ ሳይሆን በክንድዎ ይለኩ።

ወደ ሰው ሠራሽ እግር

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ሐይቅን ደርሶባቸው እንደነበር የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ያን ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ብዙ ወጣትም አካሉን አጥቷል። የእግር መቆረጥ የአረጋውያን ጉዳይ ብቻ አይደለም። በመኪና አደጋ፣ በጥይት፣ ስብራቱ በወጌሻ ከልክ በላይ ጠብቆ ታስሮበትም እግሩን ያጣ ወጣት አለ። የታሰረ ስብራት ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታና ሆስፒታል ይኬድ፤ ደም ያጣ ጡንቻ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል።

ለሐይቅና ለአምባሰል ነዋሪ ቅርቡ የአካል ተሀድሶ ማዕከል ደሴ ነው፤ ከሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደገፍ የኖረ ማዕከል ነው። ቁስሉ እስኪድን ሳይጠብቁ ሐኪምዎን የሪፈር ወረቀት ይጠይቁ፤ እስከዚያው እንቅስቃሴውንና ክራንች አያያዙን ይማራሉ። ሰው ሠራሽ እግር የሚገጠመው ግን ቁስሉ ሲገጥምና እብጠቱ ሲወርድ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የሚሸፈነውንና የማይሸፈነውን ወጪ አስቀድመው ያጣሩ።

ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፤ መጥፎ ሽታ ያለው መግል፤ የሚሰፋ መቅላት ወይም መጥቆር፤ የስፌት መከፈት ወይም የማይቆም ደም፤ የጭን ወይም የባት ድንገተኛ እብጠት፤ ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት፤ ራስን መሳትና መቀባዠር። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም።

እንቅልፍ ማጣት፣ ዝምታና «ከእንግዲህ ምን እሠራለሁ» ማለት ሲበዛም ለጤና ባለሙያ ይነገር። ኀዘን በእግር መቆረጥ የሚጠበቅ ነው፤ ሳምንታት አልፎ ምግብና መድኃኒት ሲያስተው ግን ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም ሆኗል።

በመጨረሻም ለቤተሰብ አንድ የማምነውን ዘዴ ልንገራችሁ። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ለምሳሌ በገበያ ቀን፣ የቁስሉን ርዝመትና ስፋት በንጹሕ ማስመሪያ ሳትነኩት ለክታችሁ በደብተር ጻፉ፤ ስልክ ካላችሁም ፎቶ አንሱት። በየቀኑ ሲያዩት ያልተለወጠ የሚመስል ቁስል በደብተሩ ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቀንሶ ይገኛል፤ ይህ ለታማሚው ትልቅ ብርታት ነው። ለሁለት ሳምንት ካልቀነሰ ደግሞ ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪሙ ዘንድ ቅረቡ። ከማንኛውም ገለጻ በላይ ይረዳዋል።